የእንግሊዝኛ ግሥ አጠናን፦ ማን? ወዶ ወይስ ተገዶ? ከየት ወዴት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ እንግሊዝኛ ግሦች ነው። «የእንግሊዝኛ ሰዋስው በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አባል ቢኖር አይፈረድበትም። እኛ ግን ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛውን ሁላችን እናውቀዋለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም፣ ሥነ ሕይወቱም፣ ሒሳቡም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ግሥ ያልያዘ ተማሪ ጥያቄው ሳይገባው መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት ከፈተና ይበልጣል። የምንኖረው በድንበር አገር ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ይገባል። ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ስደተኛውም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚሞላው ቅጽና የሚጻፈው ዘገባ ብዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የአንድ ሰው ጉዳይ በአንዲት ግሥ ሊወሰን ይችላል። «ሸሸ» የተባለና «ሥራ ፍለጋ ሄደ» የተባለ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የማስተርጐሙ ሥራ ደግሞ ነገ ከእናንተ በአንዱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለአስተርጓሚም የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከፍ ያለ ግሥ ማለት ረጅም ቃል ማለት አይደለም፤ ሰሚን ለማስደነቅ የሚነገር ቃልም አይደለም። ማን እንዳደረገው፣ ወዶ ይሁን ተገዶ፣ ከየት ወዴት እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ግሥ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያገለግሉናል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ጽሑፋችን የሚባዛው በራሳችን ፊደል ስለ ሆነ የእንግሊዝኛውን ግሥ በድምፁ ብቻ አስቀምጠነዋል። እያንዳንዱን ግሥ ከመዝገበ ቃላት እየፈለጋችሁ የእንግሊዝኛውን ሆሄ በደብተራችሁ ጻፉ። የፈለጉት ቃል ከተሰጠ ቃል ይልቅ አይረሳም።

ሀ) የአባቶች የግሥ አጠናን

ቋንቋን በግሥ በኩል መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ግሥ ይገሥሣል። በተለመደው አቆጣጠር የግእዝ ግሥ ስምንት አርእስት አሉት፤ እነርሱም ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ ናቸው። ሌሎቹ ግሦች የእነዚህ ሠራዊት ይባላሉ፤ እያንዳንዱም የአለቃውን መንገድ ተከትሎ ይረባል። ተማሪው አለቃውን አጥብቆ ከያዘ ሠራዊቱ አያስቸግረውም። ግሡንና እርባታውን ከያዘ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል።

ከዚህ ሥርዓት ለእንግሊዝኛ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ግሥን በተበታተነ ዝርዝር ሳይሆን በአለቃና በሠራዊት ማጥናት፤ ሁለተኛ፣ ጮክ ብሎ ማርባት፤ ሦስተኛ፣ በተማሩት ግሥ በዚያው ቀን የራስን ዓረፍተ ነገር መሥራት። የቃላት ዝርዝር ሸምድዶ የሚተው ተማሪ ግሥ ገሥሦ ቅኔ ሳይቆጥር የቀረ ተማሪን ይመስላል።

ለ) አድራጊና አስደራጊ

በግእዝ ሰዋስው አምስት አዕማድ እንዳሉ ከመምህራን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። አማርኛም እንዲሁ በአንድ ቃል መነሻ ላይ «አ»ን፣ «ተ»ን ወይም «አስ»ን እየጨመረ ትርጉሙን ይለውጣል። በላ፣ አበላ፣ ተበላ፣ አስበላ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ይህ ልማድ እምብዛም የለውም። እኛ አንዲት ፊደል ጨምረን የምንለውጠውን እርሱ ብዙ ጊዜ በሌላ ግሥ ይናገረዋል። በላ «ኢት» ሲሆን አበላ «ፊድ» ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም በዚህ ነው።

ጥቂት ጥንዶች እንመልከት። ተበደረ «ቦሮው» ነው፤ አበደረ ግን «ሌንድ» ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ባለ ዕዳውን አበዳሪ ያደርገዋል። «አስታወሰ» በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ሰው በራሱ ልብ ሲያስታውስ «ሪሜምበር»፣ ሌላውን ሲያስታውስ ግን «ሪማይንድ» ነው። ተነሣ «ራይዝ»፣ አስነሣ «ሬይዝ» ነው። ይህን ጥንድ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ብታያይዙት አይጠፋባችሁም፤ ጌታችን ከሙታን ተነሣ ስንል «ራይዝ»፣ ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር አስነሣው ስንል «ሬይዝ» ነው። የመጀመሪያው ሲረባ «ራይዝ፣ ሮዝ፣ ሪዝን» ይሆናል፤ ሁለተኛው መደበኛ ስለ ሆነ «ሬይዝድ» ብሎ ያልቃል።

ከእነዚህ ከፍ ሲል አስገደደ የሚለውን እናገኛለን። እንግሊዝኛ ለዚህ «ኮምፔል» እና «ኮኧርስ» የሚሉ ግሦች አሉት። «ኮምፔል» ሰፊ ነው፤ ሕግም፣ ረኀብም፣ ኅሊናም ሰውን ሊያስገድደው ይችላል። «ኮኧርስ» ግን በማስፈራራት ወይም በኃይል ማስገደድ ነው፤ ከበስተ ጀርባው አስፈራሪ አለ። በቃል አሳምኖ ማስደረግ ደግሞ «ፐርስዌድ» ነው። ሦስቱን የሚለየው ከላይ ያልነው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?

ሐ) ከቆላው ሥራ የሚገኙ ግሦች

ግሥን የምታስታውሱት በዓይናችሁ ካያችሁት ሥራ ጋር ስታያይዙት ነው። መጀመሪያ ሰሊጥን እንውሰድ። ዘራ «ሶው»፣ አረመ «ዊድ»፣ አጨደና ሰበሰበ «ሃርቨስት»፣ ወቃ «ትሬሽ» ነው። ከእነዚህ ከፍ ያለው «ሻተር» ነው። በተለመደው ትርጉሙ መሰባበር ማለት ነው፤ በእርሻ ትምህርት ግን የሰሊጥ ፍሬ ሽፋኑ ደርቆ ሲከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ሲፈስ የሚነገር ግሥ ነው። ገበሬው ሰሊጡ ፈጽሞ ሳይደርቅ አጭዶ፣ በነዶ አስሮና አቁሞ የሚያደርቀው ይህን ፈርቶ ነው። በገበሬው ቤት የሚታወቀው ኪሳራ በእንግሊዝኛ አንዲት ግሥ አለችው ማለት ነው።

ሁለተኛው እጣን ነው። በመተማና በቋራ ቆላ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ በበጋ ልጡ በስሱ ይላጣል፤ ይህ «ታፕ» ይባላል። ከቁስሉ ወተት የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይህ «ኡዝ» ነው። በአየሩና በፀሐዩ ይጠነክራል፤ ይህም «ሃርደን» ነው። ዛፉ ዕረፍት ሳያገኝ በየጊዜው ቢላጥ ይደክማል፣ ዘሩም ይቀንሳል፤ ያለን ነገር እያሟጠጡ መጨረስ «ዲፕሊት» ይባላል። እጣኑ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ደግሞ ሁለት ግሦችን እንለያለን። እጣኑን ማቃጠል «በርን» ነው፤ ካህኑ ጽና ይዞ ማጠኑ ግን «ሴንስ» ይባላል። ይህ ቃል በድምፁ «ስሜት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ነው፤ በሆሄው ግን ስለሚለይ ከመዝገበ ቃላት አመሳክሩ።

መ) ከታሪክ የሚገኙ ግሦች

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በመተማ ተዋግተው እንደ ወደቁ እናውቃለን፤ ከተማዋም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ «ቆሰሉ» ለማለት የትኛውን ግሥ ይመርጣል? «ኢንጁር» በአደጋ ለተጎዳ ሰው የሚነገር ነው፤ ከመኪና የወደቀና ከዛፍ የተፈጠፈጠ ሰው በዚህ ግሥ ይነገርለታል። በጦር ሜዳ በመሣሪያ ለተመታ ሰው ግን የሚስማማው «ዉንድ» ነው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ «ወዝ ዉንድድ» እንጂ «ወዝ ኢንጁርድ» አይባሉም። በቁስላቸው ምክንያት ማረፋቸውን ለመናገር «ሰከም» የሚል ግሥ አለ፤ ትርጉሙ መሸነፍ፣ አለመቋቋም ማለት ሲሆን ጓደኛው «ቱ» የምትባለዋ መስተዋድድ ናት። ግሥን ያለ ጓደኛው ማጥናት ግማሽ ማጥናት ነው። ንጉሡ ከተመቱ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ኋላ መመለሱ «ዊዝድሮው» ይባላል፤ ሲረባ «ዊዝድሮው፣ ዊዝድሩ፣ ዊዝድሮውን» ነው።

ሠ) የመንገድ ግሦች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አለቃው «ጎ» ማለትም ሄደ ነው፤ ሠራዊቱን አንድ በአንድ እንይ።

«ፍሊ» ከአደጋ መሸሽ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ትርጉሙ ከባድ ነው። የእመቤታችንንና የልጇን ስደት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በወርኃ ጽጌ እናስባለን፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ዮሴፍ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ የታዘዘበትን ቦታ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብታዩ ይህንኑ ግሥ ታገኛላችሁ። ሲረባ «ፍሊ፣ ፍሌድ፣ ፍሌድ» ነው። በረረ ከሚለው «ፍላይ» ጋር አታደባልቁት፤ እርሱ «ፍሉ፣ ፍሎውን» እያለ ይሄዳል።

«ማይግሬት» ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ነው፤ በዚህ ግሥ ውስጥ የግድ አሳዳጅ የለም። ከደጋው ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በዚህ ግሥ ይነገርለታል። አገርን ለቆ መውጣት «ኤሚግሬት»፣ ወደ ሌላ አገር ገብቶ መኖር «ኢሚግሬት» ነው። ሁለቱ አንድን ጉዞ ከሁለት በኩል የሚያዩ ናቸው፤ የሚለያቸውም ሦስተኛው ጥያቄ፣ ከየት ወዴት የሚለው ነው።

«ዲስፕሌስ» ማፈናቀል ነው። በዚህ ግሥ አድራጊው ሌላ ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከእነርሱም በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩ ነበሩ፤ በኩመርና በአውላላም መጠለያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከቤቱ ተፈናቅሎ በአገሩ ውስጥ የቀረና ድንበር ተሻግሮ ስደተኛ የሆነ ሰው መከራቸው ቢመሳሰልም የሕግ ስማቸው ይለያያል። ድንበር ተሻግሮ ጥገኝነት መጠየቅ በ«ሲክ» ይነገራል፤ ሲረባ «ሲክ፣ ሶት፣ ሶት» ነው። የሚቀበለው አገር ወይም ሕዝብ ሥራ «ሆስት» ነው፤ ማስጠለል ደግሞ «ሼልተር» ነው። እንግዳ መቀበል ለክርስቲያን ምግባር እንደ ሆነ ስለምናውቅ እነዚህ ሁለት ግሦች ከአፋችን ሊጠፉ አይገባም።

«ኢቫኩዌት» ሰዎችን ከአደጋ ቦታ በሥርዓት ማውጣት ነው፤ ይኸውም የሸሸ የሚለው አስደራጊ፣ ማለትም አሸሸ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ «ኤርሊፍት» ይባላል። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሻገሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ዘመቻ ሙሴ በተባለው ጉዞ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ሥራ በዚህ ግሥ ይነገራል። በረሓውን በእግር ማቋረጣቸውን ግን «ኤርሊፍት» አይሸፍነውም። ለዚያ ሌላ ግሥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመንገድ የወደቁት ይረሳሉ።

«ሪሴትል» በአዲስ ቦታ ማስፈር ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ የመጡ ሠፋሪዎች ታሪክ በዚህ ግሥ ይጻፋል።

«ሪፓትሪዬት» ሰውን ወደ ገዛ አገሩ መመለስ ነው፤ ሥርዓቱን የጠበቀ እንዲሆን ሰውየው በፈቃዱ መመለስ አለበት። «ዲፖርት» ግን መንግሥት የውጭ አገር ሰውን ከአገሩ ማስወጣቱ ነው፤ የሰውየው ፈቃድ አይጠየቅም። በአማርኛ ሁለቱንም «መለሱት» ልንል እንችላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል፤ የአገራችንም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህንኑ ጥበቃ ይሰጣል።

በመጨረሻ ለአገራችን ወጣት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጉትን ሁለት ግሦች እንይ፤ «ስማግል» እና «ትራፊክ»። «ስማግል» ዕቃን በኮንትሮባንድ ማሳለፍ ነው፤ ስለ ሰው ሲነገር ደግሞ ለጥቅም ሲሉ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። ተሻጋሪው ብዙ ጊዜ ከፍሎና ወዶ ይሄዳል። «ትራፊክ» ግን በሰው መነገድ ነው። በኃይል፣ በማታለል ወይም ችግረኛነቱን በመጠቀም ሰውን መልምሎ ለብዝበዛ መዳረግ ነው፤ ብዝበዛውም «ኤክስፕሎይት» በሚለው ግሥ ይነገራል። ለዚህ ወንጀል ድንበር መሻገር ግዴታ አይደለም፤ በገዛ አገር ውስጥም ይፈጸማል። የተበደለው ሰው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ኃይል ወይም ማታለል መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው ሁለት ፕሮቶኮሎች እነዚህን ወንጀሎች ለያይተው አስቀምጠዋቸዋል፤ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም እንዲሁ ይለያቸዋል።

ልብ በሉ! አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። በመተማ «ስማግል» ተብሎ የተጀመረ ጉዞ በረሓ ላይ ተሻጋሪውን ይዞ ገንዘብ ከቤተሰቡ በማስጠየቅ «ትራፊክ» ሊሆን ይችላል። ደላላው ሲመጣ የሚናገረው «እንወስድሃለን» የምትል ለስላሳ ግሥ ነው። የሚወስደው ማን ነው? ከተነሣህ በኋላ ልመለስ ብትል ፈቃድህ ይጠየቃል? የሚወስድህስ ወዴት ነው? ሦስቱን ጥያቄዎች የለመደ ወጣት ግሥ ሲያጠና የራሱንና የወንድሙን ሕይወት መጠበቅንም ይማራል። እዚህ ላይ አንድ የሆሄ ነገር አለ፤ «ትራፊክ» ሲረባ በመጨረሻ «ኬ» የምትባለው ሆሄ ትጨመርበታለች።

ረ) የሳምንት ሥርዓት

1ኛ/ በቀን 2 ግሥ ብቻ ያዙ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 12 ይሆናል፤ በ52 ሳምንት 624 ግሥ ነው። እሑድ አዲስ ግሥ አትያዙ፤ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስባችሁ የሳምንቱን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

2ኛ/ ለእያንዳንዱ ግሥ አምስት ነገር ጻፉ፤ ሆሄውን፣ እርባታውን፣ ጓደኛውን መስተዋድድ፣ አለቃውን፣ ከአካባቢያችሁ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር።

3ኛ/ ማታ ማታ ጮክ ብላችሁ አርቡት። በመተማ ገበያ ዓረብኛን የለመዱ ልጆች የለመዱት በጆሮና በአፍ ነው። እንግሊዝኛ ግን በገበያ ስለማይገኝ ጆሮውንም አፉንም እርስ በርሳችን መፍጠር አለብን።

4ኛ/ ከሚበቃው በላይ አትመዘዙ። «ዩዝ» በቂ በሆነበት ቦታ «ዩቲላይዝ» ማለት፣ «ቢጊን» በሚበቃበት «ኮሜንስ» ማለት ዕውቀት አይደለም። አዲስ ግሥ የምንመርጠው አሮጌው ሊለየው ያልቻለውን ነገር ሲለይ ነው።

ሰ) መልመጃ

የሚስማማውን ግሥ ምረጡ። 1. ጓደኛዬ መጽሐፉን አበደረኝ። 2. መምህሩ ስለ ፈተናው አስታወሱን። 3. ሰሊጡ ከመጠን በላይ ደርቆ ዘሩ ፈሰሰ። 4. ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ድንበር ተሻገረ። 5. ሰላም ሲወርድ ስደተኞቹ ፈቅደው ወደ አገራቸው ተመለሱ። 6. ልጅቱን «አስተምርሻለሁ» ብሎ አታልሎ ወስዶ ያለ ደመወዝ አሠራት።

መልስ፦ 1. «ሌንድ»፤ 2. «ሪማይንድ»፤ 3. «ሻተር»፤ 4. «ፍሊ»፤ 5. «ሪፓትሪዬት»፤ 6. «ትራፊክ»። ስድስተኛውን «ስማግል» ያላችሁ የ«ሠ»ን ክፍል መልሳችሁ አንብቡ፤ በታሪኩ ውስጥ ድንበር የለም፣ ማታለልና ብዝበዛ ግን አለ።

ወንድሞችና እኅቶች! በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በሠረገላው ሲያነብ ባገኘው ጊዜ አስቀድሞ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ነው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ ስለ ጠየቀም አገኘ። እኛም ያልገባንን ግሥ እንጠይቅ፤ የገባንንም ላልገባው እናስተምር። ከእናንተ አንዱ ነገ በመተማ ድልድይ አጠገብ የአንዲት እናትን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ያጠናት ትክክለኛ ግሥ ለእርሷ መጠለያ ለእርሱም እውነተኛ ምስክርነት ትሆናለች።

አምላካችን ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።